ሰዓቱ ራሱ ይጠየቅ
ስለ አሮጌ ክሮኖግራፍ አገዛዝና አመራመር በሸዋ ሮቢት የተሰጠ ዲስኩር



በዚህ በቆላው ሐሩር፣ የሽንኩርቱና የማሾው ሥራ እየጠበቃችሁ፣ ስለ አንዲት ትንሽ የእጅ ሰዓት የሚናገር ሰው ለመስማት መሰብሰባችሁ ለእኔ ታላቅ ክብር ስለ ሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የጋበዙኝን የከተማይቱን መምህራንና ወጣቶች ከልብ አመሰግናለሁ። የጥሪው ደብዳቤ የያዘው ጥያቄ አጭርና ግልጥ ነው፤ «ክሮኖግራፍ የሚባለውን አሮጌ ሰዓት ለመግዛት የሚያስብ ሰው እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን ይለየዋል?» ይላል። ጥያቄው ከዚህ አገር መነሣቱ አላስደነቀኝም። ከዓረብ አገር የሚመለሱ ልጆቻችን ሰዓት አስረው ይመጣሉ፤ ከመርካቶ ወደ ደሴ የሚሄደው ዕቃ ሁሉ በዚህች ከተማ በኩል ያልፋል፤ በየቤቱም ሣጥን ውስጥ ከአባት ወይም ከአያት የቀረ፣ መሄዱን ያቆመ ሰዓት አይታጣም።

ነገሬን በአራት እከፍለዋለሁ። በመጀመሪያ ክሮኖግራፍ ምን እንደ ሆነ፣ በሁለተኛ ስለ ዓመተ ምሕረት ጕዳይ፣ በሦስተኛ ሰዓቱ ከውጭ እስከ ውስጥ እንዴት እንደሚመረመር፣ በአራተኛም ስለ ባለቤትነት እናገራለሁ። ሦስተኛው ይረዝማል፤ ስለዚህ ትዕግሥታችሁን ለእርሱ አስቀምጡልኝ። በአራቱም ውስጥ ደጋግሜ የምመለስበት አሳብ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሻጩ ሳይሆን ሰዓቱ ራሱ ይጠየቅ የሚል ነው። አባቶቻችን ከዋርካ ሥር ችሎት ቆመው በላ ልበልሃ ሲባባሉ፣ ምስክሮቹን ለያይተው እያንዳንዱን ለብቻው ይጠይቁት ነበር እንጂ፣ የባለጕዳዩን አንደበተ ርቱዕነት አይተው ብቻ አይፈርዱም ነበር። ሰዓትም ፊቱ፣ ማሽኑ፣ አካሉ፣ ቍጥሩና ታሪኩ አምስት ምስክሮች ሆነው የሚቆሙለት ባለጕዳይ ነው፤ አምስቱ ሳይመካከሩ አንድ ቃል ከተናገሩ ነገሩ ይጸናል፤ አንዱ ካፈነገጠ ግን ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሳችሁ፣ «ይህ ስለ ምን ተለየ?» ብላችሁ መጠየቅ ይገባችኋል።

ወደ መጀመሪያው ነገር ልግባ። ማናቸውም ሰዓት አሁን ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ይነግረናል፤ ክሮኖግራፍ ግን ከዚህ በላይ፣ አንድ ነገር ከጀመረበት እስካለቀበት ምን ያህል እንደ ፈጀ ይለካል። በቀኝ ጎኑ ከመሙያው በላይና በታች ሁለት አዝራሮች አሉት፤ የላይኛውን ሲጫኑት ረጅሙ የሰከንድ ጠቋሚ ይነሣል፣ ደግመው ሲጫኑት ይቆማል፣ የታችኛውን ሲጫኑት ደግሞ በቅጽበት ወደ መነሻው ይመለሳል። በፊቱ ላይ ያሉት ትንንሽ ክቦች ያለፉትን ደቂቃዎችና ሰዓቶች ይቈጥራሉ። ይህ ጥበብ ድሮ በኪስ ሰዓት ላይ የነበረ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ኒኮላ ሪዩሴክ በ1821 የፈረስ እሽቅድምድም የሚለካበትን፣ በሰሌዳው ላይ ቀለም የሚያንጠባጥብ መሣሪያ አሳይቶ ነበር፤ ብራይትሊንግ የተባለው የስዊስ ቤት በ1915 አዝራሩን ከመሙያው ለይቶ ለብቻው አቆመው፤ በ1934 ደግሞ ሁለተኛውን አዝራር ጨመረ። እነዚህን ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የምጠራቸው የሰዓቱ ሠሪዎች የጻፉት በዚያ ስለ ሆነ ነው፤ የእኛ ሲሆን ዓመተ ምሕረት እያልሁ አስታውቃለሁ፤ ይህ ልዩነት ኋላ ቁም ነገር ይሆናልና ልብ በሉት።

ምናልባት ከመካከላችሁ፣ «ሰከንድ በአምስት ተከፍሎ የሚለካበት መሣሪያ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ለሊቃውንቶቻችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም እላለሁ። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት አንዲት ዕለት በ60 ኬክሮስ፣ አንዱ ኬክሮስ በ60 ካልዒት፣ አንዲቱ ካልዒት በ60 ሣልሲት ትከፈላለች፤ ከዚያም በታች ራብዒት፣ ኀምሲትና ሳድሲት አሉ። እንግዲህ አስሉት፤ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሰከንድ፣ ሣልሲትም ከሰከንድ ዐሥር እጅ አራት እጅ ይሆናል። አብዛኞቹ አሮጌ ክሮኖግራፎች በሰዓት 18000 ጊዜ፣ ማለት በሰከንድ አምስት ጊዜ ስለሚመቱ፣ ያ ሰዓት ሁለት ጊዜ «ጭቅ» ሲል የቅኔ ማሕሌቱ ሊቅ በኅሊናው ብቻ የለያት ሣልሲት ልክ ሞላች ማለት ነው። እነርሱ ያለ መንኰራኵር የደረሱበትን ስዊሶቹ በመንኰራኵር ደረሱበት፤ ይህን ስናገር ለከንቱ ትምክሕት አይደለም፤ ቍጥሩን ማንም በቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ሌላም የቅርብ ምሳሌ አለ። ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና ባዶ እግሩን ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዐዲስ ዓመታችን ዋዜማ ምሽት ነበር፤ የተመዘገበለትም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከ2 ዐሥረኛ ነው። በሮም ኦሎምፒክ ሰዓት የመለካቱን ሥራ የያዘው ኦሜጋ የተባለው የስዊስ ቤት ሲሆን፣ ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ አበበ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ከ2 ዐሥረኛ ሲገባ ለኪው ሕዝባችን ሲኮ የሚለው የጃፓኑ ሴይኮ ነበር፤ ሴይኮም በዚያው በ1964 የመጀመሪያውን የጃፓን ክሮኖግራፍ የእጅ ሰዓት ለገበያ አወጣ። ስለዚህ የክሮኖግራፍን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሸዋን ልጅ ሳይጠራ ሊያልፍ አይገባውም ነበር፤ ሆኖም ብዙዎቹ ያልፉታል።

ሁለተኛው ነገር የዓመተ ምሕረት ጕዳይ ነው፤ ይህንም ከውጭ አገር መጻሕፍት አታገኙትም፤ ምክንያቱም የእኛ ብቻ ጣጣ ነው። አንድ ሻጭ መጥቶ፣ «ይህን አውቶማቲክ ክሮኖግራፍ አባቴ በ1955 ገዝቶት ነው» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ክሮኖግራፍ በዓለም ላይ የታየው በ1969 ነው፤ በጥር ወር ዜኒት የተባለው ቤት ኤል ፕሪሜሮ የተሰኘውን አስታወቀ፤ በመጋቢት ወር ሆየርና ብራይትሊንግ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው የሠሩትን አሳዩ፤ በግንቦትም ሴይኮ 6139 የተባለውን ለገበያ አቀረበ። ይህ ሁሉ በእኛ 1961 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሻጩ በእኛ አቈጣጠርም ቢናገር በአውሮፓውያንም ቢናገር ቃሉ ከሰዓቱ ጋር አይገጥምም።

ነገር ግን ተቃራኒውም አለ፤ እርሱ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝነኛል። አንዲት እናት፣ «ባለቤቴ በ1962 የገዛው ነው» ብላ እውነተኛ ሴይኮ 6139 ታወጣለች፤ ከበይነ መረብ ጥቂት ቃርሞ የመጣው ወጣት ገዢ ግን 1962ን በፈረንጅ ቈጥሮ፣ «ያን ጊዜ ይህ ሰዓት አልተሠራም፤ ፎርጅድ ነው» ብሎ በርካሽ ዋጋ ሊቀማት ይቃጣዋል። እርሷ የተናገረችው ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢጨምርበት 1969 ወይም 1970 ስለሚሆን፣ ቃሏ ከሰዓቱ ጋር ልክክ ብሎ ይገጥም ነበር። በዚህ ሰዓት ጀርባ ላይ ያለው መለያ ቍጥር የመጀመሪያው አኃዝ የተሠራበትን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ ወሩን ያመለክታል፤ እንግዲህ ቍጥሩ በዜሮ ከጀመረ 1970 ማለት ነውና፣ የእናቲቱ ቃልና የብረቱ ቃል ሳይመካከሩ ተስማሙ ይባላል።

በዚሁ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። እኛ ሰዓታችንን የምንሞላው ከፀሐይ መውጫ ጀምረን ስለ ሆነ፣ ቀን የሚያሳይ ሰዓት ያለው ሰው ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን አመሻሽ ላይ ወይም ጎሕ ሲቀድ ሲለወጥ ያያል። ይህን አይቶ፣ «ማሽኑ ተበላሽቷል» የሚል ገዢ አለ፤ ብልሽት አይደለም። እንዲያውም አመሻሽ ላይ እንዲለወጥ ተደርጎ የተሞላው ሰዓት፣ ዕለትን ከምሽት ከሚጀምረው ከቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ጋር ይስማማል። ነገር ግን ጠቋሚው በዘጠኝና በሦስት መካከል ሳለ ቀኑን በግድ ለመለወጥ አትሞክሩ፤ በዚያ ጊዜ ጥርሶቹ ተያይዘው ስለሚቈዩ ሊሰበሩ ይችላሉ።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ምርመራው እንገባለን። ይህች የእናንተ ይፋት ዕቃን መርምሮ መግዛትን ከማንም የምትማር አገር አይደለችም። ከታጁራ ወደብ የሚነሣው የሲራራ ነጋዴ ወደ አንኮበር ሲወጣ በአልዩ አምባ ገበያ ያርፍ በነበረበት ዘመን፣ በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዚያው መንገድ በወጡበት ጊዜም ቢሆን፣ የይፋትና የሸዋ ነጋዴ ጠገራ ብር ሲቀበል በላዩ የተቀረጸችውን ንግሥት የራስ ጌጥ እንቍዎች ይቈጥር፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ያስተውል፣ ከደረቷ በታች ያሉትን ሁለት ፊደላት ይፈልግ ነበር፤ አንዱ ከጠፋ ወይም ከደበዘዘ አይቀበልም። በጠገራው ላይ የተጻፈው ዓመት ግን ሁልጊዜ 1780 ነው፤ በቪየናም ይመታ፣ ከ1935 ጀምሮ በሮም፣ ከዚያም በለንደንና በቦምቤይ ይመታ፣ የሚጻፍበት 1780 ብቻ ነበር። ስለዚህ በአንድ ዕቃ ላይ የተቀረጸ ዓመት ዕቃው የተሠራበትን ዘመን ለማስረዳት ብቻውን እንደማይበቃ የእናንተ አያቶች ከፈረንጅ ሐራጅ ቤቶች አስቀድመው ያውቁ ነበር።

እንግዲህ ከፊቱ እንጀምር። የክሮኖግራፍ ዋጋው ከምንም በላይ በፊቱ ላይ ነው፤ ማታለልም በፊቱ ላይ ይበዛል። የአሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ የፖል ኒውማን ሮሌክስ ዳይቶና ክሮኖግራፍ በጥቅምት 2017 በኒው ዮርክ በ17.75 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል፤ በእርሱ ስም የሚጠራው ዐይነት ከተራው ዳይቶና የሚለየው በዋናነት በፊቱ ሥዕል ስለ ሆነ፣ ተራውን ገዝቶ ፊቱን የሚለውጥ ሰው ያለ ብዙ ድካም ብዙ ገንዘብ ያገኛል። ፊቱ እንደ ገና የተቀባ መሆኑን ለማወቅ አጕሊ መነጽር ይዛችሁ ፊደላቱን አንብቡ። የፋብሪካ ጽሑፍ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ የጠራ፣ ውፍረቱ እኩል ነው፤ በእጅ የተቀባው ግን ፊደሉ ያብጣል፣ መሥመሩ ይዛነፋል፣ የትንንሾቹ ክቦች ምልክትም ከመካከላቸው ይሸሻል። ከግርጌው «ስዊስ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ በቀቢው ተረስቶ ይቀራል።

የሚያበራውን ቀለምም ጠይቁት። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ራዲየም፣ ከዚያ በኋላ ትሪቲየም ይቀባ ነበር፤ ትሪቲየም ያለበት የስዊስ ሰዓት ብዙ ጊዜ ከግርጌው «ስዊስ» በሚለው ቃል ግራና ቀኝ አንዳንድ «ቲ» ፊደል አለው። የትሪቲየም ኀይል በየ12 ዓመቱ ያህል በግማሽ ይቀንሳል፤ እንግዲህ የ1965 ሰዓት ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ቦግ ብሎ ካደረ፣ ቀለሙ ትናንት የተቀባ ነው። የራዲየሙ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ ለብዙ መቶ ዓመታት ስለማይጠፋ፣ እንዲህ ያለ ሰዓት ካገኛችሁ መስተዋቱን ከፍታችሁ ቀለሙን አትፋቁ፤ ብናኙን መተንፈስ ጕዳት አለው። ይህን በተለይ ለወጣት ሰዓት ሠሪዎች እናገራለሁ።

ቀጥሎ አካሉ ነው። የቆላ አገር ላብ ለሰዓት ጠላት ነው። ብዙዎቹ ርካሽ የድሮ ክሮኖግራፎች አካላቸው ከናስ ተሠርቶ በክሮም የተለበጠ ሲሆን፣ የማይዝግ ብረት የሆነው የጀርባው ክዳን ብቻ ነው፤ በላዩም «ስቴንለስ ስቲል ባክ» ተብሎ ይጻፋል። የዋሁ ገዢ ይህን ሲያይ ሰዓቱ በሙሉ የማይዝግ መስሎት ይገዛል፤ ላብ የነካው ማዕዘን ግን ተልጦ ቢጫው ናስ ብቅ ይላል። ወርቅ ነው የተባለውን ደግሞ በውስጡ በኩል ማኅተም ፈልጉበት፤ ከ1880 እስከ 1995 የስዊስ 18 ካራት ወርቅ ሰዓት ሄልቬሽያ የተባለችው ሴት ራስ ማኅተም ነበረው። ማዕዘኖቹ የተድቦለቦሉ ከሆነ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ተወልውሏል ማለት ነው፤ ይህ ሐሰት አያደርገውም፤ ዋጋውን ግን ያወርደዋል። ከአባታችሁ የቀረ ሰዓት ካላችሁ፣ ብትወድዱኝ አታስወልውሉት።

ስለ እርጥበት አንድ ነገር ልናገር፤ ይህ የእናንተ አገር አቀማመጥ የሚያመጣው ስለ ሆነ ነው። ሰው ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጣርማ በር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፣ አየሩ እየከበደና እየሞቀ ይሄዳል፤ ማሸጊያ ጎማው የደረቀ ሰዓት ይህን ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ውስጡ ይቀበላል፤ ተመልሶ ወደ ደብረ ብርሃን ብርድ ሲወጣ እርጥበቱ በመስተዋቱ ውስጥ ጤዛ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ፊቱ ይጠቁራል፣ ብሎኖቹ ይዝጋሉ። ስለዚህ የደጋና የቆላ ነጋዴ ሲያስረው የኖረ ሰዓት ሲቀርብላችሁ፣ ሰዓቱን በእጃችሁ ጥቂት አሙቃችሁ በመስተዋቱ ላይ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ አኑሩ፤ ከጠብታው በታች በውስጥ በኩል ጉም ከታየ ውስጡ እርጥበት አለ።

አሁን ማሽኑ። ማሽኑን ሳታዩ ክሮኖግራፍ የምትገዙ ከሆነ ሌላ የምነግራችሁ ነገር ዋጋ የለውም። ነገር ግን ክዳኑ ሳይከፈት አስቀድሞ የሚደረግ ፈተና አለ። የላይኛውን አዝራር ተጫኑ፤ የሰከንዱ ጠቋሚ ሳይዘል፣ ሳይንተፋተፍ ይነሣል ወይ? ለግማሽ ሰዓት አስኪዱት፤ የደቂቃው ቈጣሪ በየደቂቃው ይራመዳል ወይ? ከዚያ አቁማችሁ መልሱት፤ ጠቋሚው ልክ 12 ላይ ይቆማል ወይስ ያልፋል? ብዙ ገዢ ሁለት ሰከንድ አይቶ ይረካል፤ ሕመሙ ግን በዐሥረኛው ደቂቃ ይገለጣል፣ ሞላው የደከመ እንደ ሆነ ክሮኖግራፉ ሲሄድ ሰዓቱ ራሱ ይዘገያል። ሁሉም ማሽን አንድ ዐይነት አለመሆኑንም ዕወቁ፤ ላንደሮን 48 በተባለው ማሽን የላይኛው አዝራር ማስነሣት ብቻ ነው የሚችለው፤ የሚያቆመውም የሚመልሰውም የታችኛው ነው። ይህን ያላወቀ ገዢ ጤነኛውን ሰዓት ተሰብሯል ብሎ ይተወዋል፤ ያወቀው ግን ከኋላው መጥቶ ይገዛዋል።

ከሁሉ የበዛው የገበያ ሐሰት ግን ይህን ያህል ጥበብ አያሻውም። ትልቅ ስም የተጻፈበት፣ ሦስት ክብ ያለው፣ አዝራሮቹ ሲጫኑ ግን ረጅሙ ጠቋሚ የማይነሣ ሰዓት አለ፤ ክቦቹ የሚያሳዩት ቀንና ወር ሲሆን አዝራሮቹ እነርሱን ይለውጣሉ፤ ወይም ጨርሶ ምንም አያደርጉም። ይህ የክሮኖግራፍ መልክ ብቻ ያለው ነው። ሌላው ደግሞ ጠቋሚው በየሰከንዱ አንድ ጊዜ የሚዘለው ነው፤ ባትሪ ስለሚነዳው የ1960ዎቹ ሜካኒካል ሰዓት ሊሆን አይችልም። የ18000ው ማሽን በሰከንድ አምስት፣ ኤል ፕሪሜሮ ደግሞ ዐሥር ጊዜ ይመታል፤ ለጆሮም ለዐይንም ይለያል።

ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑ ከፊቱ ጋር አንድ ሕይወት መኖሩን ተመልከቱ። የከበሩት ክሮኖግራፎች ትንንሽ ዐምዶች በላዩ በቆሙበት መንኰራኵር ይታዘዛሉ፤ ርካሾቹ ደግሞ ጠርዙ ወጣ ገባ በሆነ ሰሌዳ። ኦሜጋ ስፒድማስተር በ1957 ሲወጣ የያዘው ማሽን 321 የተባለው ባለ ዐምድ ነበር፤ በመጋቢት 1965 የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የመረጠውም፣ በ1969 ሰዎች ጨረቃ ላይ የወረዱበትም እርሱ ነው፤ 861 የተባለው ባለ ሰሌዳ በቦታው የገባው በ1968 ነው። እንግዲህ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የ1962 ነው ተብሎ የቀረበ ስፒድማስተር 861 ከያዘ፣ ወይ ማሽኑ ተለውጧል ወይ ታሪኩ ተፈጥሯል። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት በተመለሱ ተማሪዎችና መኮንኖች እጅ የገባውን ፖልዮትንም አትናቁ፤ 3133 የተባለው ማሽኑ ከ1976 ጀምሮ በሞስኮ የተሠራ ሲሆን መሣሪያዎቹ የመጡት ቫልዡ ከተባለው የስዊስ ማሽን ሠሪ ነው፤ በዋጋው ልክ ታማኝ ሰዓት ነው። ለእኔ ቢተውልኝ፣ ለዚህ አገር ገዢ አንድ ያልተነካ ሴይኮ ወይም ፖልዮት፣ ከተጠራጠረበት ሮሌክስ ይልቅ እመርጥለት ነበር።

ከልዩ ልዩ ሰዓት ክፍሎች ተለቅሞ የተገጣጠመ ሰዓት ከሁሉ ይልቅ ያስቸግራል፤ እያንዳንዱ ክፍል እውነተኛ ሲሆን ሙሉው ግን ሐሰት ነውና። በዚህ ስትታለሉ እንዳትሸማቀቁ፣ በዓለም ፊት የሆነውን ልንገራችሁ፤ በኅዳር 2021 በጄኔቫ ሐራጅ አንድ የመጀመሪያ ዘመን ስፒድማስተር ከ3.1 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ተሸጠ፤ ገዢውም ራሱ ኦሜጋ ነበር፤ ለቤተ መዘክሩ ብሎ ገዛው። በ2023 ኩባንያው፣ ሰዓቱ ከእውነተኛ ክፍሎች የተገጣጠመ ድብልቅ መሆኑንና በነገሩ ውስጥ የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበት አስታወቀ። ሠሪው በገዛ ስሙ ከተታለለ፣ የመርካቶ ደላላ «ኦርጂናል ነው፤ አንድ እጅ የያዘው ነው» ስላለ ብቻ የሚታመንበት ምክንያት አይታየኝም። ክዳኑን የሚከፍትላችሁ ሰዓት ሠሪ ደግሞ ሻጩ የሚያመጣው አይሁን፤ የራሳችሁ ይሁን፤ ዋጋውም በቅድሚያ ይከፈለው፣ ሰዓቱን ብትገዙም ባትገዙም።

አራተኛውና የመጨረሻው ነገር ባለቤትነት ነው። አንድ ሰዓት በፍጹም እውነተኛ ሆኖ ሳለ ሊገዛ የማይገባ ሊሆን ይችላል። የግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ነው የተባለ፣ ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው ቤት የሠራው፣ የቀን መቍጠሪያ ያለው የወርቅ ሰዓት በኅዳር 2017 በጄኔቫ በክሪስቲስ ሐራጅ ሊሸጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ክሮኖግራፍ አልነበረም፤ ነገሩ ግን ለሁሉም ያስተምራል። የባለቤትነት ክርክር ስለ ተነሣበት ከሽያጩ ተነሣ። ያን ቀን የተከራከሩት ስለ ማሽኑ አልነበረም፤ ከቤተ መንግሥት ወደ ጄኔቫ በማን እጅ እንደ ሄደ ነበር እንጂ።

ይህ ለሸዋ ሮቢት የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እዚህ በደረሰ ጊዜ ከየቤቱና ከየሱቁ ዕቃ ተዘርፎ እንደ ሄደ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በእሑድ በሰንበቴ ገበያ ወይም በሰኞ በባቲ ገበያ ታሪክ የሌለው ጥሩ ሰዓት ከዋጋው በታች ሲቀርብላችሁ፣ ያ ሰዓት የጎረቤታችሁ አባት ሊሆን እንደሚችል አስቡ። በጀርባው የተፋቀ ስም ካለ አትግዙ፤ ስም አስፍቆ የሚሸጥ ሰው የሚሸሽገው ነገር አለው። ያልተፋቀ ስም ካለ ግን ያ ለታሪኩ መልካም ምስክር ነው፤ የሰውየውን ቤተሰብ ጠይቁ፤ ስትገዙም መለያ ቍጥሩን፣ የማሽኑን ቍጥርና ዓመተ ምሕረቱን ጽፋችሁ፣ ሻጩን በሁለት እማኝ ፊት አስፈርሙ። ሻጩ መፈረም ከፈራ ወረቀቱን አጥፋችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ጥያቄ ያለው ካለ በደስታ እቀበላለሁ። በኪሳችሁ ወይም በቦርሳችሁ ሰዓት ይዛችሁ የመጣችሁም ወደዚህ ጠረጴዛ ቅረቡ፤ አጕሊ መነጽርና የክዳን መክፈቻ ይዤ መጥቻለሁ። ስትቀርቡ ሁለት ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ ሰዓቱን ማን እንደ ገዛውና በየትኛው ዓመተ ምሕረት እንደ ገዛው። የጀርባውን ክዳን ግን እስክደርስላችሁ ድረስ በካራ እንዳትከፍቱብኝ እለምናችኋለሁ።